ስድስቱን ስክሪፕት ጣያቸው፤ ድስቱን ግን ለዪ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ለፔንሲዮኖች የአልጋ መመዝገቢያና የደረሰኝ ፕሮግራም በሲ ጽፌያለሁ። እዚሁ ጎንደር፣ ፒያሳና አዘዞ ደንበኞች አሉኝ። ፕሮግራሙን ለ32 ቢት ዊንዶውስ፣ ለ64 ቢት ዊንዶውስና ለሊኑክስ አወጣዋለሁ፤ እያንዳንዱ ደግሞ የሙከራና የደንበኛ የሚባል አለው። ድሮ ስድስት የሼል ስክሪፕት ነበረኝ፣ አንዱን ሳስተካክል ሌላውን እረሳለሁ። አሁን ሁሉንም በአንድ ሜክፋይል ላድርግ ብዬ ጀመርኩ። ግን 64 ቢቱን ሰርቼ 32 ቢቱን ሳስከትል ሊንከሩ ይጮሃል። ስለዚህ ሁሌ ክሊን ብዬ ከዜሮ ነው የምጀምረው፤ ላፕቶፔ አሮጌ ስለሆነ ስድስቱን ለመጨረስ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የደንበኛውን ጫንኩለት ያልኩት ሰውዬ ደረሰኙ ግርጌ ላይ ‹ሙከራ› የሚል ወጣበት፣ ፋይል ተሳስቼ ይሆናል። ጓደኛዬ ‹ሜክ ያረጀ ነው፣ ሲሜክ ሁሉንም በአንዴ ይሰራልሻል› ይለኛል። ጥምቀት ሳይደርስ አዲሱን ቨርዥን መጫን አለብኝ። ምን ላድርግ?»

ሊንከሩን፣ ቁርጥራጮቹን ወደ አንድ ፕሮግራም የሚገጣጥመውን፣ አትውቀሺው፣ ልክ ነው። የሆነው ይሄ ነው። ለ64 ቢት የተሰሩት ነጥብ ኦ ፋይሎች፣ ከነጥብ ሲ ፋይሎችሽ ኮምፓይል ተደርገው የወጡት ቁርጥራጮች፣ እዛው ሶርሱ (የጻፍሽው ኮድ) ጎን ተቀምጠዋል። 32 ቢቱን ስትጀምሪ ሜክ፣ ሜክፋይሉን አንብቦ የሚሰራው ፕሮግራም፣ ያያል፤ ነጥብ ኦው አለ፣ ከነጥብ ሲው ይልቅ አዲስ ነው፣ «ይሄማ ተሰርቷል» ብሎ ያልፈዋል። ከዚያ የ64ቱን ቁርጥራጭ ለ32ቱ ሊንከር ያቀብለዋል። ሊንከሩም «ይሄ ከኔ ጋር አይገጥምም» ይላል። ምን ይበል ታዲያ?

የባሰው ግን የማይጮህበት ጊዜ ነው። የሙከራውና የደንበኛው ፕሮግራም ሁለቱም 64 ቢት ናቸው፤ ልዩነታቸው ኮምፓይል ስታደርጊ ለኮምፓይለሩ የምትሰጪው አንድ ምርጫ፣ አንድ ፍላግ፣ ብቻ ነው። የሙከራውን ሰርተሽ፣ ክሊን ማለት ረስተሽ፣ የደንበኛውን ብታስከትዪ ሜክ የሙከራዎቹን ነጥብ ኦዎች ያነሳል፣ ሊንከሩም ዝም ብሎ ይገጣጥማቸዋል። ስሙ «ደንበኛ» ሆዱ «ሙከራ» የሆነ ፋይል ይወጣልሻል። ስለዚህ ሰውዬው ላይ ፋይል አልተሳሳትሽም ባይ ነኝ። ትክክለኛውን ፋይል ነው የጫንሽለት፣ ፋይሉ ራሱ ነው ውሸታም የነበረው።

ድግስ ቤት ሽንኩርት ከትፈሽ የምታውቂ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ጊዜ የሚፈጀው ቁሌቱ ነው። አንዴ በትልቅ ድስት ይቁላላል፣ ከዚያ እየተቀነሰ ለዶሮውም ለቀይ ወጡም ይሆናል። ግን ቅቤ የገባበትን ቁሌት ለጾም ወጥ የሚቀንስ ሰው የለም፤ የጾም ድስት ለብቻው ነው። ሜክ ደግሞ አይቀምስም። ድስቱ ውስጥ ቁሌት መኖሩንና መቼ እንደተሰራ ብቻ ነው የሚያየው፣ ቅቤ ይግባበት ዘይት ጉዳዩ አይደለም። ስለዚህ ኮምፓይለሩ ወይ ፍላጉ በተለየ ቁጥር ድስቱን መለየት ያንቺ ስራ ነው። ችግርሽ በአብዛኛው ይሄው ነው፣ ሌላው ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ግን ሰው ያስለቅሳል፣ ስለዚህ ልቀጥል።

«ሁሉንም በአንድ ሜክፋይል» ስትዪ በአእምሮሽ ያለው አሁንም የሼል ስክሪፕት ይመስለኛል፤ ይሄን አድርግ፣ ቀጥሎ ይሄን፣ ቀጥሎ ያንን። ሜክፋይል እንደዛ አይነበብም። ሜክፋይል የሚለው «ይሄ ፋይል ከእነዚህ ፋይሎች ይወጣል፣ የሚወጣው በዚህ ትእዛዝ ነው» ነው፤ ይሄ ሩል ይባላል፣ የሚወጣው ፋይል ደግሞ ታርጌት። ቅደም ተከተሉን ሜክ ራሱ ያወጣዋል፣ ያልተነካውንም ይዘለዋል። ስቱዋርት ፌልድማን ቤል ላብስ ውስጥ በ1976 እ.ኤ.አ. ሲጽፈው መነሻው የስራ ባልደረባው ነበር። ባልደረባው ስህተቱን አስተካክሎ ሲያበቃ፣ ፋይሉ እንደገና ኮምፓይል ስላልተደረገ ብቻ፣ ትክክለኛ ፕሮግራም ላይ ስህተት ሲፈልግ ጠዋቱን ሙሉ አቃጠለ። ያንቺ ዓይነት ጣጣ ነው የወለደው ማለት ነው። ጓደኛሽ «አርጅቷል» ያለው እውነት ነው፣ ግን አንቺ የያዝሽው ችግርም እኩያው ነው።

ሁለተኛው የተለመደ ስህተት ታርጌትን እንደ ትእዛዝ ስም ማየት ነው። ታርጌት በመሰረቱ የፋይል ስም ነው። «ሪሊዝ» የሚል ታርጌት ጽፈሽ እዛው ፎልደር ውስጥ «ሪሊዝ» የሚል ፎልደር ካለሽ፣ ሜክ «ሪሊዝ አዲስ ነው፣ የምሰራው የለም» ብሎ ይቀመጣል፤ አንቺ ደግሞ ተርሚናሉን እያየሽ ትናደጃለሽ። ፋይል የማያወጡትን ታርጌቶች፣ ክሊን፣ ሁሉም፣ ማድረሻ የምትያቸውን፣ «ፎኒ» ብለሽ አስመዝግቢያቸው፣ ይበቃል። (ትእዛዞቹን እዚህ በራሳችን ፊደል ነው የምጽፋቸው። ኪቦርዱ ላይ በምን እንደምትመቻቸው መቼም አልነግርሽም።)

አሁን ወደ አሰራሩ። «ቢልድ» የሚባል አንድ ፎልደር ይኑርሽ። ውስጡ ለእያንዳንዱ ጥምረት የራሱ ፎልደር ይኑር፤ ሊኑክስ ሙከራ፣ ሊኑክስ ደንበኛ፣ ዊን32 ሙከራ፣ ዊን32 ደንበኛ። ነጥብ ኦም ሆነ የመጨረሻው ፕሮግራም ከዚህ ፎልደር አይወጣም። ሶርሱ ጎን አንድም ነጥብ ኦ መታየት የለበትም፤ ካየሽ የሆነ ቦታ ያልጸዳ ሩል አለሽ ማለት ነው።

ሜክፋይሉ አናት ላይ ሁለት ቫሪያብል ብቻ አስቀምጪ፣ ፕላትፎርምና ሞድ። በ ?= ካስቀመጥሻቸው ምንም ሳትሰጪ «ሜክ» ብቻ ስትዪ የለመድሽውን ይሰራል። ያ የለመድሽው የሊኑክስ ሙከራ ይሁን፣ ቀኑን ሙሉ የምትደጋግሚው እሱ ነውና። ከዚያ በታች አንድ የኢፍ መንጋ ይኖራል። ፕላትፎርሙ ዊን32 ከሆነ ኮምፓይለሩ የሚንጂደብልዩ 32 ቢት ጂሲሲ (ሊኑክስ ላይ ሆኖ የዊንዶውስ ፕሮግራም የሚያወጣው)፣ የፋይሉ መጨረሻ ነጥብ ኢኤክስኢ፣ የፕሪንተሩ ሶርስ የዊንዶውሱ። ሊኑክስ ከሆነ ተራው ጂሲሲ፣ መጨረሻ የሌለው ስም፣ የሊኑክሱ ፕሪንተር ሶርስ። ሞዱ ሙከራ ከሆነ የሙከራው ፍላግ፣ ደንበኛ ከሆነ ኦፕቲማይዝ የሚያደርገው። ኢፍ የሚፈቀድልሽ እዚህች ቦታ ብቻ ነው። ከዚህ በታች ሩሎቹ ስለ ዊንዶውስም ስለ ሊኑክስም ማወቅ የለባቸውም፣ ቫሪያብሎቹን ብቻ ይጠሩ። ሰዎች ነገር የሚያበላሹት ሩሉ ሆድ ውስጥ ኢፍ ሲሰገስጉ ነው፤ ከሶስት ወር በኋላ ራሳቸውም አያነቡትም።

ሩሉ አንድ ነው። በ % ምልክት ትጽፊዋለሽ፤ የዚህ ጥምረት ፎልደር ውስጥ ያለ ማንኛውም ነጥብ ኦ ሶርስ ፎልደር ውስጥ ካለው ስመ ሞክሼው ነጥብ ሲ ይወጣል። አንድ መስመር ሩል፣ አንድ መስመር ትእዛዝ። ስድስት ስክሪፕት ውስጥ ስድስት ጊዜ የጻፍሽው ነገር ይሄው ነበር። ሌላ ጥምረት ስትፈልጊ «ሜክ ፕላትፎርም=ዊን32 ሞድ=ደንበኛ» ትያለሽ። ሁሉንም በአንዴ ለማውጣት «ሁሉም» የሚል ፎኒ ታርጌት ራሱን ሜክፋይሉን በተለያየ ቫሪያብል ደጋግሞ ይጥራው። ሲጠራ ታዲያ «ሜክ» የሚለውን ቃል እንዲሁ ሳይሆን ሜክ የሚባለውን ቫሪያብል በዶላር ምልክት ጥሪ፤ አለበለዚያ ከውጪ የሰጠሽው ሰረዝ ጄ (ብዙ ስራ በአንዴ የሚያስኬደው) ወደ ውስጥ በትክክል አይተላለፍም፣ ሰረዝ ኤንም (ሳይሰራ ትእዛዞቹን ብቻ የሚያሳየው) ብትዪ ውስጥ ያለውን አያሳይሽም።

እንደኔ ግምት ከሃያ ደቂቃሽ ትልቁን የሚበላው ኤስኪውላይት የሚባለው ዳታቤዝ ነው። የአልጋ መመዝገቢያ ያለ ዳታቤዝ አይሆንም፣ በሲ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያንን አንድ ትልቅ ፋይል ወስዶ ነው የሚያስገባው። ከ200 ሺህ መስመር በላይ ያለው አንድ ፋይል ነው፣ በአሮጌ ላፕቶፕ ብቻውን ሻይ ያስጠጣል። አንቺ ግን እሱን መቼም አትነኪውም። ድስቱ ሲለይ ለእያንዳንዱ ጥምረት አንዴ ይቁላላል፣ ከዚያ በኋላ ተቀምጦ ይጠብቅሻል። የምትነኪው የራስሽ ሁለት ሶስት ፋይል ሰከንዶች ነው የሚፈጅብሽ።

ከሼል የመጣ ሰው ሁለት ቦታ ይወድቃል፣ ቶሎ ልበላቸው። ትእዛዙ በታብ ነው የሚጀምረው፣ በስፔስ አይደለም፤ «መለያ ጠፋ» የሚል ስህተት ካየሽ ኤዲተርሽ ታቡን ወደ ስፔስ ቀይሮብሻል። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ የትእዛዝ መስመር በየራሱ ሼል ነው የሚሮጠው። አንዱ መስመር ላይ ሲዲ ብለሽ ፎልደር ብትገቢ፣ ቀጣዩ መስመር ተመልሶ ከመነሻው ነው።

አሁን የማትጠብቂውን ልንገርሽ፤ 64 ቢት ዊንዶውሱን ሰርዢው። የ32 ቢት ፕሮግራም 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ይሰራል፣ ዊንዶውስ 11 ላይም ጭምር። የተገላቢጦሹ ነው የማይሆነው። ለ32 ቢት ፕሮግራም ዊንዶውስ በተለምዶ 2 ጊጋባይት የአድራሻ ቦታ ይሰጠዋል፤ የሃያ ክፍል ፔንሲዮን ቀርቶ ጎንደር ውስጥ ያለ አልጋ ሁሉ ቢመዘገብ ይሄን አይሞላውም። ገደቡ አንድ ነው። የ32 ቢት ፕሮግራም የ64 ቢት ዲኤልኤል (ፕሮግራሙ ሲሰራ የሚጠራው የዊንዶውስ ላይብረሪ ፋይል) መጫን አይችልም፤ ስለዚህ አንድ ደንበኛ በ64 ቢት ብቻ የሚመጣ የካርድ አንባቢ ላይብረሪ ካመጣብሽ ያን ጊዜ ትመልሺዋለሽ። አሁን ግን ለማን ነው የምታወጪው? ብዙ ታርጌት ማስተዳደር የሚባለው ነገር መጀመሪያ የማያስፈልገውን መቀነስ ነው። ከስድስት ወደ አራት ወረድሽ።

ወደ ሲሜክ። ጓደኛሽ አንድ ነገር አዛብቷል። ሲሜክ ራሱ ኮምፓይል አያደርግም፣ ለሜክ ወይም ለኒንጃ (እንደ ሜክ ያለ ሌላ ፕሮግራም) ወይም ለቪዥዋል ስቱዲዮ ፋይል የሚጽፍ ነው። እና አንድ የሲሜክ ቢልድ ፎልደር የሚይዘው አንድ ኮምፓይለር ብቻ ነው። የሊኑክሱንና የዊንዶውሱን በአንድ ፎልደር በአንዴ አዋቅሪ ብትዪው አይሆንም፤ ለእያንዳንዱ የየራሱ ፎልደር፣ ለዊንዶውሱም ኮምፓይለሩ የቱ እንደሆነ የሚናገር ቱልቼይን ፋይል ይፈልጋል። ድስት መለየቱ እዛም አይቀርልሽም፣ ልዩነቱ ሲሜክ ከመጀመሪያው ወደዚያ የሚገፋሽ መሆኑ ነው። ጥሩ ጸባይ ነው፣ አልክድም። ከውጪ የምታስገቢያቸው ላይብረሪዎች ሲበዙ፣ ወይም አብሮሽ የሚሰራው ሰው ቪዥዋል ስቱዲዮ ካልሆነ ሲል፣ ያን ጊዜ ሲሜክ ዋጋውን ያወጣል። ለብቻዋ ለምትሰራ ሰው፣ ሶርሱ በጣት ለሚቆጠር ፕሮግራም፣ ጥምቀት ደጅ ላይ ቆሞ አዲስ ቋንቋ መማር ግን አይመከርም።

ሌላም ፈተና ይመጣብሻል። ሜክን ትንሽ ስትለምጂ «ፎርኢች» እና «ኢቫል» የሚባሉትን ታገኛለሽ፤ ሁሉንም ጥምረት በአንድ ጥሪ ከአንድ ቅጽ ላይ የሚያበዙ ናቸው። ይሰራሉ። ግን የዶላር ምልክቱ በየቦታው እጥፍ ይሆናል፣ አንዱን ብትረሺ ስህተቱ ከየት እንደመጣ ሜክም አይነግርሽም። እኔ አንዴ እንደዛ ጽፌ ኮርቼ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ አንድ ፍላግ ለመጨመር ግማሽ ቀን ወሰደብኝ። ለአራት ጥምረት አያስፈልግም።

ሄደር ላይ፣ ብዙ ነጥብ ሲ ፋይሎች የሚጋሩት የነጥብ ኤች ፋይል ላይ፣ ደግሞ ልቆይ፣ ዋናው ወጥመድ እዚህ ነውና። ሜክ ነጥብ ሲውን ያያል እንጂ ውስጡ የተጠራውን ሄደር አያይም፣ ካልነገርሽው። ለአንድ እንግዳ ማረፊያ የጻፍኩት ነገር ነበር። ስልክ ቁጥር ቦታው ለ10 አሃዝ ነበር፣ በ09 የሚጀምረው እንዲገባ። በኋላ በመደመር ምልክትና በ251 የሚጽፍ እንግዳ መጣና 13 ቁምፊ ሆነ፣ ሄደሩ ላይ አሰፋሁት። ሜክ አልኩ፣ አንዳንዱ ነጥብ ሲ ሌላም ነገር ስለቀየርኩበት ተሰራ፣ የደረሰኙ ፋይል ግን ስላልነካሁት በአሮጌው ስፋት ቀረ። ያለ ምንም ስህተት ሊንክ ሆነ። ማታ ስልኬ ጮኸ፤ የአልጋው ዋጋ ቦታ ላይ ለአእምሮ የሚከብድ ቁጥር እየወጣ ነው። ግማሹ ፕሮግራም ዋጋው የሚቀመጥበትን ቦታ አንድ ጋ ያያል፣ ግማሹ ሌላ ጋ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ኮዱን አነበብኩት። ኮዱ ምንም አልነበረበትም።

መድሃኒቱ ጂሲሲ ራሱ አለው። ሰረዝ ኤምኤምዲ እና ሰረዝ ኤምፒ የሚባሉትን ፍላጎች ስትጨምሪ፣ ኮምፓይል ባደረገ ቁጥር ከነጥብ ኦው ጎን የነጥብ ዲ ፋይል ይጽፋል፤ ውስጡ የተጠሩት ሄደሮች ዝርዝር ነው። ሜክፋይሉ መጨረሻ ላይ እነዚህን ፋይሎች በኢንክሉድ ታስገቢያለሽ። ከኢንክሉድ ፊት ሰረዝ አድርጊ፣ መጀመሪያ ቀን ፋይሎቹ ስለማይኖሩ እንዳይጮህብሽ። ኤምፒው የሚጠቅመው ሄደር ስትሰርዢ ወይም ስሙን ስትቀይሪ ነው፤ አለበለዚያ ሜክ የሌለውን ፋይል ሰርተህ አምጣ የተባለ መስሎት ይቆማል። የነጥብ ዲ ፋይሎቹም በየድስታቸው ነው የሚቀመጡት።

የፍላግ ለውጥንም ሜክ አያይም ብያለሁ። ሜክፋይሉን ራሱን የነጥብ ኦዎቹ ጥገኛ (ሲቀየር እነሱን እንደገና የሚያሰራ ፋይል) አድርጊው፤ ፍላግ ስትቀይሪ ሜክፋይሉ ይነካል፣ ሁሉም እንደገና ይሰራል። ትእዛዙ ላይ ታዲያ ሁሉንም ጥገኛ የሚዘረዝረውን ሳይሆን $< የሚለውን ተጠቀሚ፣ የመጀመሪያውን ብቻ የሚሰጠውን፤ አለዚያ ሜክፋይሉን እንደ ሲ ፋይል ለኮምፓይለሩ ታጎርሺዋለሽ። ፍላግ ከተርሚናል መስጠት ደግሞ ይቅርብሽ፣ እሱን የሚያይልሽ የለም። ቨርዥን ቁጥሩን በፍላግ አታስተላልፊ። አንድ ትንሽ ነጥብ ሲ ውስጥ ለብቻው አስቀምጪው፣ ቁጥር በቀየርሽ ቁጥር ኤስኪውላይት እንዳይቁላላ።

ሰረዝ ጄ 4 ብለሽ አራት ስራ በአንዴ ስታስኬጂ ፎልደሩ ሳይፈጠር ፋይል ልጻፍ የሚል ይኖራል። ፎልደሩን ጥገኛ ስታደርጊው ከ | ምልክት በኋላ ጻፊው። ያ ምልክት «መኖሩን እንጂ ቀኑን አትይ» ማለት ነው። የፎልደር ቀን ውስጡ ፋይል በተጨመረ ቁጥር ስለሚቀየር፣ እንደ ተራ ጥገኛ ካደረግሽው ሜክ ሁሌ አዲስ ስራ የተፈጠረ ይመስለዋል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን የውጪዎቹ ማስተማሪያዎች እምብዛም አይሉትም፣ እኛ ግን እንፈልገዋለን። መብራት። ስራውን በኮንትሮል ሲ ብታቋርጪው ሜክ ጅምሩን ፋይል ራሱ ይሰርዘዋል። መብራት ሲጠፋ ግን የሚሰርዝ የለም፣ ያንቺም ላፕቶፕ ባትሪው የሞተ ከሆነ እዛው ድርግም ነው። ስትመለሺ ባዶ ወይም የተቆረጠ ነጥብ ኦ፣ ቀኑ ግን ትኩስ ሆኖ ይጠብቅሻል። ሜክ «አዲስ ነው» ይላል፣ ሊንከሩ «ይሄ ፋይል አይታወቅም» ይላል። አትመርምሪ። የዚያን ጥምረት ፎልደር ብቻ ደምስሺና እንደገና አስነሺ። ድስት የመለየት ሌላው ጥቅሙ ይሄ ነው፣ አንዱ ቢቃጠል ሌሎቹ ደህና ናቸው። ለደንበኛ የሚሄደውን ፋይል ደግሞ መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ጻፊው፣ ሲያልቅ ነው ወደ ስሙ የሚዛወረው። ትክክለኛውን ስም የያዘ ነገር ሁሉ ያለቀ ነው እንድትዪ።

ከመብራቱም የከፋ ሰዓቱ ነው። ዴስክቶፕ ላይ የምትሰሪ ከሆነና ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ሞታ ከሆነ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። ኢንተርኔት ካለ ራሱ ይስተካከላል፣ ከሌለ እንደዛው ይቀራል። ያን ጊዜ የምታስተካክዪው ሶርስ አሮጌ ቀን ይለብሳል፣ ትናንት የተሰራው ነጥብ ኦ ከሱ «አዲስ» ይሆናል፣ ሜክም ምንም የሚሰራ የለም ይልሻል። ኮዱን ትቀይሪያለሽ፣ ፕሮግራሙ አይቀየርም፣ እብድ ትሆኛለሽ። ሜክ ፋይሉ ከወደፊት ቀን የመጣ ሲመስለው «ክሎክ ስኪው» የሚል ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ አትለፊያት። ሰዓቱን አስተካክዪ፣ የነካሻቸውን ሶርሶች በ«ተች» ትእዛዝ አዲስ ቀን አልብሺያቸው፣ ባትሪዋንም ግዢ። ፍላሽ ላይ ተቀምጠሽም ቢልድ አታድርጊ፤ ፋት32 የፋይል ሰዓትን በሁለት ሰከንድ ልዩነት ነው የሚመዘግበው፣ ሜክ ደግሞ ኑሮው በሰዓት ነው።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ ስለ ክሊን። ክሊን ውስጥ ማጥፊያውን በቫሪያብል ብቻ አትጻፊው፤ «የዚህ ቫሪያብል ፎልደር፣ ስላሽ፣ ኮከብ፣ ሁሉንም አጥፋ» ካልሽና ቫሪያብሉ በስፔሊንግ ስህተት ባዶ ከሆነ፣ የሚቀረው ስላሽና ኮከብ ነው። እሱ ደግሞ የኮምፒውተሩ ስር ነው። «ቢልድ» የሚለውን ቃል በግልጽ ጻፊው፣ ከዚያ ስር ብቻ ይጥረግ። አንድ የማውቀው ልጅ በዚህ መንገድ የመመረቂያ ስራውን አጥቷል፤ ኮፒ ነበረው ብልሽ ደስ ባለኝ።

ለደንበኛ የሚሄደው ነገር የራሱ በር ይኑረው። «ማድረሻ» የሚል ፎኒ ታርጌት አድርጊ። ሞዱን ራሱ ደንበኛ ያደርጋል፣ ፎልደሩን ከባዶ ይጀምራል፣ የፕሮግራሙን መፈተሻዎች ያስኬዳል፣ ካለፉ ብቻ ውጤቱን «ዲስት» ወደሚባል ፎልደር በቨርዥን ቁጥሩና በፕላትፎርሙ ስም ይገለብጠዋል። ወደ ፍላሽ የሚገለበጠው ከዲስት ብቻ ነው፣ ከቢልድ ውስጥ በእጅ ምንም አይወሰድም። ይሄን ህግ በወረቀት ጽፈሽ ብትለጥፊው አላፍርብሽም፣ እኔም ለጥፌ ነበር።

ሁለት ነገር ደግሞ ደንበኛ ጋ ደርሶ የሚያሳፍር ነው። የዊንዶውሱ ፕሮግራም ያንቺ ኮምፒውተር ላይ ኖሮ ደንበኛው ጋ የሌለ የጂሲሲ ዲኤልኤል ሊጠይቅ ይችላል፤ ዊን32 ላይ ብቻ ሊንከሩን ስታቲክ አድርጊው፣ ያንን እዛው ፕሮግራሙ ውስጥ እንዲያስገባው። የሊኑክሱ ደግሞ አዲስ ኡቡንቱ ላይ ተሰርቶ አሮጌው ላይ አልነሳም ሊል ይችላል። ኡቡንቱ 22.04 ላይ ሰርተሽ 20.04 ላይ ብታስኬጂ «ጂሊብሲ 2.34 አልተገኘም» ሊልሽ ይችላል፤ ጂሊብሲ የሊኑክሱ መሰረታዊ የሲ ላይብረሪ ነው። መፍትሄው ከደንበኞችሽ ውስጥ ባለው አሮጌ ሊኑክስ ላይ ቢልድ ማድረግ ነው። ይሄንን ማንም ሜክፋይል አያስተካክልልሽም።

ስለዚህ ውሳኔዬ፣ ሜክ ላይ ቆዪ። አንድ ሜክፋይል፣ ሁለት ቫሪያብል፣ አራት ፎልደር። ዊን64 ይቅር፣ ሲሜክ ይቆይ፣ ኢቫል አይታሰብ። ስድስቱን የድሮ ስክሪፕቶች አንድ ሳምንት በሌላ ፎልደር አቆዪያቸውና ከዚያ ደምስሺያቸው፤ ካሉ አንድ ቀን ቸኩለሽ ታስኬጃቸዋለሽ።

ዛሬ ማታ የሊኑክስ ሙከራውን ብቻ አስነሺ። ሲያልቅ ምንም ሳትነኪ ሁለተኛ ሜክ በዪ። «የሚሰራ የለም» ካለሽ ጥሩ ነው፣ ዊን32ን ጨምሪና መልሰሽ ወደ ሊኑክሱ ነይ፤ አሁንም የሚሰራ የለም ማለት አለበት። ቀጥሎ አንድ ሄደር ውስጥ አንድ ባዶ መስመር ጨምሪ፤ ያንን ሄደር የሚጠሩት ፋይሎች ብቻ እንደገና መሰራት አለባቸው፣ ኤስኪውላይት መነሳት የለበትም። ያልነካሽው ነገር ከተነሳ ሜክን በሰረዝ ሰረዝ ትሬስ አስኬጂው፤ ምን ከምን አዲስ ሆኖ እንዳገኘው በየመስመሩ ይነግርሻል። እሱ ካልገባሽ የትሬሱን የመጀመሪያ ሃያ መስመርና ሜክፋይሉን አብረሽ ላኪልኝ። የስህተቱን የመጨረሻ መስመር ፎቶ አንስተሽ ብቻ አትላኪ።